ልጅ ይዞ ወደ ሜዳ የሙዚቃ ፌስቲቫል መሄድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅዳሜና እሁድ ሜዳ ላይ ወደሚካሄድ የሙዚቃ ፌስቲቫል ልጅ ይዞ መሄድ ይቻላል። እኔ ልጄን ሁለት ዓመት ሳይሞላት ጀምሬ ይዣት እሄዳለሁ፤ አሁን አሥር ዓመቷ ነው። ከዚህ በታች ያሉት በእነዚህ ዓመታት ወዳጅ ዘመድ ደጋግሞ የጠየቀኝ ጥያቄዎች ናቸው። ስለ ጆሮና ስለ መጥፋት የተጻፉት መልሶች ከሌሎቹ ይረዝማሉ፤ ወላጅ ከሁሉ በላይ መዘጋጀት ያለበት ለእነዚህ ለሁለቱ ነው ብዬ ስለማምን ነው።

ልጄ ስንት ዓመት ሲሞላው ብወስደው ይሻላል?

ቁርጥ ያለ ዕድሜ የለም፤ ነገር ግን የልጁ ዕድሜ የእርስዎን ሥራ ይወስነዋል። ገና መዳህ ያልጀመረ ሕፃን ካስቀመጡት ቦታ አይጠፋም፤ የሚፈልገው ወተት፣ ጥላና እንቅልፍ ነው። ሆኖም ሙቀት፣ ብርድና ድምፅ ቶሎ የሚጎዱት እሱን ስለሆነ ለአራስ ልጅ አልመክርም። ከሁሉ የሚከብደው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ያለው ነው፤ መሮጥ ችሏል፣ አደጋን ግን አያውቅም፤ ሲደክመው ደግሞ «ደከመኝ» አይልም፣ ያለቅሳል። ለእኔ ከሁሉ የተመቸኝ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ዕድሜ ልጁ ስልክ ቁጥር በቃሉ ይይዛል፣ ሽንቱ ሲመጣ ቀድሞ ይናገራል፣ ያየውንም ለዓመታት ያስታውሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ታዳጊ ከጓደኞቹ ጋር ለብቻው መሄድ ስለሚፈልግ ንግግሩ በሰዓትና በመገናኛ ቦታ ላይ ይሆናል።

ከዕድሜው ይልቅ እኔ የማየው ሌላ ነገር አለ። ልጁ ባልለመደው ቦታ እንቅልፍ ይወስደዋል ወይ? ሰው ሲበዛበት ይረበሻል ወይስ ይደሰታል? መልሱን ካላወቁት የመጀመሪያውን ጊዜ ማደሩን ይተዉትና አንድ ቀን ብቻ ይሂዱ። ረፋድ ላይ ገብተው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በፊት ይውጡ። ልጁ «እንመለስ» ብሎ ከለመነ የሚቀጥለው ዓመት ድንኳን ይያዙ።

ለልጅ የሚስማማውን ፌስቲቫል በምን እለያለሁ?

የዘፋኞቹን ዝርዝር ከማየትዎ በፊት የግቢውን ካርታ ይመልከቱ። የልጆች ሥፍራ አለ? ቤተሰብ ለብቻው ድንኳን የሚተክልበት ቦታ ተከልሏል? የውኃ መቅጃው የት ነው? የሕክምና ድንኳኑስ? የጠፉ ልጆች የሚቆዩበት ቦታ በካርታው ላይ በግልጽ ከተጻፈ አዘጋጆቹ ስለ ልጆች አስበዋል ማለት ነው፤ ለእኔ ትልቁ ምልክት ይህ ነው።

አንዳንድ ታላላቅ ፌስቲቫሎች ለልጆች ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1970 በእንግሊዝ አንድ የከብት እርባታ ቦታ ላይ የተጀመረው ግላስተንበሪ ኪድዝፊልድ የሚባል የልጆች ሜዳ አለው። በቺካጎ ከተማ የሚካሄደው ሎላፓሉዛም ኪድዛፓሉዛ የተባለ የልጆች መድረክ ያዘጋጃል። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝ የተጀመረው ካምፕ ቤስቲቫል ደግሞ ከመነሻው ለቤተሰብ ተብሎ የተሰናዳ ነው። ትልቅ ስም ያለው ሁሉ ለልጅ ይመቻል ማለት ግን አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ቤተሰብ፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው በአሥር ደቂቃ በእግር የሚያልቅ ትንሽ ፌስቲቫል ከግዙፉ ይሻላል እላለሁ። የልጅ እግር አጭር ነው፤ ድንኳንዎ ከመድረኩ አርባ ደቂቃ የሚያስኬድ ከሆነ የቀኑን ግማሽ በመንገድ ላይ ይጨርሱታል።

ለልጅ ትኬት መግዛት ያስፈልጋል?

እንደ ፌስቲቫሉ ይለያያል። ለምሳሌ ግላስተንበሪ ትኬት ከያዘ አዋቂ ጋር የሚመጡ የ12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆችን በነጻ ያስገባል፤ ሌሎች ቦታዎች ልጁ በነጻ ቢገባም በስሙ ትኬት እንዲወጣለት ይጠይቃሉ። ልጅ ጨርሶ የማያስገቡም አሉ። አንድ አዋቂ ስንት ልጅ ይዞ መግባት እንደሚችል፣ የልጁን ዕድሜ የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ያንብቡ። የእኅትዎን ወይም የጎረቤትዎን ልጅ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ወላጆቹ የፈረሙበት የፈቃድ ደብዳቤና የስልክ ቁጥራቸው አብሮዎት ይኑር።

ድምፁ የልጄን ጆሮ ይጎዳል?

መከላከያ ካላደረገ ሊጎዳው ይችላል። በውስጠኛው የጆሮ ክፍል፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በመሰለው ኮክሊያ ውስጥ፣ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡ ወደ 15,000 የሚጠጉ ፀጉር መሰል ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት አሉ። ኃይለኛ ድምፅ ሲበዛባቸው እንደ ተረገጠ ሣር ይተኛሉ። ዕረፍት ካገኙ ብዙዎቹ ይነሣሉ፤ መጠኑ ካለፈ ግን ይሞታሉ። የሰው ልጅ እነዚህን ሕዋሳት መልሶ አያበቅልም፤ ይዟቸው በተወለደው እስከ እርጅናው ይኖራል።

አሁን ቁጥሩን እንመልከት። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለአዋቂ ሠራተኛ ያወጣው ወሰን በቀን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው፤ ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ አንድ ሰዓት እያለ ወርዶ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ዝግጅቶች ባወጣው መመዘኛ የ15 ደቂቃ አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ አሳስቧል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። አዘጋጁ መመዘኛውን አክብሮ ሙዚቃውን በወሰኑ ጫፍ ላይ ቢያሰማ፣ አንድ አዋቂ የቀን ድርሻውን በሩብ ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። የልጅ ድርሻ ከዚህም ያንሳል፤ ይኸው ድርጅት ለጆሮ ማዳመጫ ባወጣው ምክር ለአዋቂ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ሲፈቅድ ለልጅ ወደ 75 አውርዶታል።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው አባባል ስለ ሐሜት የተባለ ቢሆንም እዚህም ይሠራል። የሚጎዳው ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው መጨረሻ ላይ ነው። ልጅ ደግሞ ድምፁ ጆሮውን እየጎዳው እንኳ ደስ ካለው ይጨፍራል። ስለዚህ «ካስቸገረው ይነግረኛል» ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

የትኛውን የጆሮ መከላከያ ልግዛ? ልጄ አላደርግም ቢልስ?

ለትንንሽ ልጆች ጆሮን ከውጭ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው፣ በራስ ላይ የሚደረገው ዓይነት ይሻላል። በጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ውታፍ ከትንሽ ልጅ ጆሮ ጋር አይገጥምም፤ ወልቆ ወደ አፍ ከገባ ደግሞ ያንቃል። ሙዚቃ ለመስማት የተሠራው ማዳመጫ ምንም እንኳ መልኩ ቢመሳሰል መከላከያ አይደለም። በማሸጊያው ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚቀንስ የተጻፈበትን ይምረጡ፤ ደህና የሆነው ከ20 እስከ 30 ይቀንሳል። ይህ ቁጥር የሚሠራው ግን በልክ ሲገጥም ነው። ኮፍያ፣ የፀጉር ማሰሪያ ወይም መነጽር በመካከል ከገባ ድምፁ በክፍተቱ ይሾልካል። ልጁ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ የማይወልቅ፣ ሲወልቅ ደግሞ ቆዳው ላይ ቀይ ምልክት የማይተው መሆኑን በጣትዎ እየዳሰሱ ይፈትሹ።

አላደርግም የሚለው ልጅ ብዙ ጊዜ ዕቃውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው እዚያው ጩኸቱ መሐል ነው። ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ይግዙለት፣ ቀለሙን ራሱ ይምረጥ፣ ቤት ውስጥ እያደረገ ይጫወትበት። እርስዎም ያድርጉ፤ ልጅ የሚነገረውን ሳይሆን የሚያየውን ይከተላል። ያ ሁሉ ተደርጎ ካወለቀው አይቆጡት፣ አይለማመጡትም፤ ዝም ብለው ይዘውት ድምፁ ወደሚቀንስበት ቦታ ይሂዱ። ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ይገባዋል።

መከላከያ ሙዚቃውን የሚነጥቀው የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። ልጄ ሦስት ዓመቷ ሳለ ሰማያዊ መከላከያዋን አድርጋ ደረቴ ላይ ተለጥፋ ነበር። ከበሮው ሲጀምር ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ፤ ከዚያ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችና «እዚህ ውስጥ አለ» አለችኝ። ወፍራሙ ድምፅ በጆሮ ብቻ አይገባም፣ በአካል ሁሉ ይገባል፤ መከላከያው ይህን አይከለክልም።

ከመድረኩ ምን ያህል ርቀን እንቀመጥ?

ከኋላና ወደ ጎን፣ መውጫውን እያዩ። ገላጣ ሜዳ ላይ ከድምፅ ማጉያው ያለዎት ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ እስከ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ግን ርቀትን ከመድረኩ ብቻ አይለኩ። በሰፊ ሜዳ ላይ ድምፁ ለኋለኛው ሰው እንዲደርስ ተብሎ በመካከል ረጃጅም ምሰሶ ላይ የሚሰቀሉ ተጨማሪ ድምፅ ማጉያዎች አሉ። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ይህን አላወቅኩም ነበር። ቀን ጸጥ ባለበት ሰዓት ከአንዱ ምሰሶ ሥር ጥላ አገኘሁና ምንጣፌን ዘረጋሁ፤ ከመድረኩ ሩቅ ስለሆነ ደግ ቦታ መሰለኝ። ማታ ዋናው ዝግጅት ሲጀመር ድምፁ ከአናታችን ላይ ወረደ። ልጄን አቅፌ ስሮጥ የውኃ ጠርሙሴንና ምንጣፌን እዚያው ትቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳልቀመጥ በፊት ቀና ብዬ አያለሁ።

ስልክ ላይ የሚጫን ነጻ የድምፅ መለኪያ አለ። የስልክ መለኪያ እንደ ባለሙያ መሣሪያ ትክክል ባይሆንም፣ አንዱን ቦታ ከሌላው ለማነጻጸር በቂ ነው።

ወደ ፊት፣ ሰው ተጨናንቆ ወደሚቆምበት ቦታ ልጅ ይዘው አይግቡ። ትከሻ ላይ ቢሸከሙትም እንኳ አይግቡ። በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ከአምስት ሰው በላይ ሲቆም ሕዝቡ እንደ ውኃ ይንቀሳቀሳል፤ ያኔ ጉልበት ያለው ሰው ራሱ ወደፈለገበት መሄድ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 በሂዩስተን ከተማ በአስትሮወርልድ ፌስቲቫል በደረሰው መጨናነቅ ከሞቱት 10 ሰዎች በዕድሜ ትንሹ፣ አባቱ ትከሻ ላይ የነበረ የ9 ዓመት ልጅ ነው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማስፈራራት ብዬ አይደለም፤ «እኔ እይዘዋለሁ» የሚለው የአባት ልብ እዚያ ቦታ ላይ እንደማይበቃ እንዲታወቅ ነው። ክንድዎን ከጎንዎ ማንሳት ከተቸገሩ ዘፈኑ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ በሰያፍ ወደ ጎን እየቆረጡ ይውጡ።

ልጄ ቢጠፋብኝስ?

ብዙ ወላጅ ይህን ጥያቄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀው፤ ነገሩ ግን የሚያጋጥም ነው። ዝግጅቱ የሚጀምረው ጠዋት ከድንኳን ሳይወጡ ነው። ልጁን የዕለቱን ልብስ ለብሶ፣ ጫማውም እንዲታይ አድርገው በስልክዎ ፎቶግራፍ ያንሱት። ልብ ሲደነግጥ ሰው የገዛ ልጁ የለበሰው ሸሚዝ ቀለም ይጠፋበታል። በእጁ ላይ በሚታሰረው አምባር ውስጠኛ ክፍል የእርስዎንና የሌላውን ወላጅ ስልክ ቁጥር በማይለቅ ቀለም ይጻፉ። ስሙን ግን ከውጭ በሚታይ ቦታ አይጻፉ፤ የማያውቀው ሰው በስሙ ከጠራው ልጅ ቶሎ ያምናል።

ከዚያ ሁለት ነገር ያስተምሩት። የመጀመሪያው፦ «ካጣኸኝ ባለህበት ቁም፤ እኔ እመጣለሁ።» ሁለቱም ሲንከራተቱ ነው መተላለፍ የሚመጣው። ሁለተኛው፦ ለማን ይናገር? «ለማታውቀው ሰው አትናገር» ብቻ ተብሎ ያደገ ልጅ ሲጠፋ የሚረዳው አያገኝም። የአስተናባሪዎቹን ልብስ ገና ሲገቡ አብረው ይዩ፣ ሄዳችሁም ሰላም በሉ። አስተናባሪ ካላየ ልጅ የያዘች እናት ፈልጎ እንዲነግራት ይንገሩት።

ልጄ አምስት ዓመቷ ሳለ ውኃ ለመቅዳት ጎንበስ ብዬ ቀና ስል አጠገቤ አልነበረችም። ጉልበቴ ከዳኝ። ስሟን እየጠራሁ ወደ ቀኝ ጥቂት እርምጃ ሄድኩ፤ ከዚያ ጠዋት የተነጋገርነው ትዝ አለኝና ተመለስኩ። ከመቅጃው ጀርባ ቢጫ ባንዲራ ያለበት እንጨት ነበር። ሁለት እጇን እንጨቱ ላይ ጠምጥማ፣ ጉንጯን አስደግፋ ቆማለች። «ቆሜያለሁ» አለችኝ። ከአራት ደቂቃ አይበልጥም፤ እሷ ከዚያ ቀን የምታስታውሰው ግን ባንዲራውን ነው።

ባያገኙት ከአንድና ከሁለት ደቂቃ በላይ ብቻዎን አይፈልጉ። ወዲያው ለቅርቡ አስተናባሪ ይናገሩ፣ ፎቶግራፉን ያሳዩ። ሁለት አዋቂ ከሆናችሁ አንዱ ልጁ በጠፋበት ቦታ ይቁም፣ ሌላው ይሂድ። አሥር ሺህ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ስልክ ሲጠቀም ኔትወርኩ ስለሚጨናነቅ ጥሪ አይገባም፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ግን ብዙ ጊዜ ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህም ነው ያለ ስልክ የሚሠራ መገናኛ ቦታ የሚያስፈልገው። «መድረኩ ጋ» መገናኛ አይሆንም። የማይንቀሳቀስ፣ ማታም የሚታይ፣ ሰው የማይበዛበት ይሁን።

ፀሐዩና ሙቀቱስ?

የልጅ ሰውነት ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይግላል፤ ጨዋታ ላይ እያለ ደግሞ ጥማቱ አይታወሰውም። ውኃውን እርስዎ በየግማሽ ሰዓቱ ያቅርቡለት። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ውኃ አይሰጥም፤ ጡት ወይም ወተት ቶሎ ቶሎ ይስጡት። የፀሐይ መከላከያ ቅባት የመከላከል መጠኑ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ከመውጣትዎ ሩብ ሰዓት ቀድመው፣ ከዚያም በየሁለት ሰዓቱ ይቀቡት። የጆሮ ጫፍ፣ ማጅራትና የእግር ጀርባ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ከቅባት ይልቅ ጥላና ስስ ልብስ ይቀድማል።

የሕፃን ጋሪ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጎ ጥላ መሥራት የተለመደ ነው፤ ይህን አያድርጉ። አየር ስለማይዘዋወር ውስጡ እንደ ምድጃ ይሞቃል። ጃንጥላ ይሻላል።

ልጁ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸውና ከደከመው ወደ ጥላ ይውሰዱት፣ ልብሱን አቅልለው በውኃ ያቀዝቅዙት። ግራ ከተጋባ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ሰውነቱ ከጋለና ካልነቃ ወይም ከተንቀጠቀጠ ግን ይህ የሙቀት ምት ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ባለሙያ እየጠሩ በዚያው ቅጽበት ሰውነቱን በውኃ ማቀዝቀዝ ይጀምሩ።

ዝናብና መብረቅ ቢመጣስ?

ዝናብ ልጅን አያስከፋም፤ እርጥብ ካልሲ ግን ያስከፋዋል። ቦቲ ጫማ፣ የዝናብ ልብስና ከሚያስቡት በላይ ብዙ ካልሲ ይያዙ። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ በፕላስቲክ ከረጢት አሽገው ለብቻው ቢያስቀምጡ ጨለማ ውስጥ ከመፈለግ ይድናሉ።

መብረቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ብልጭታውን ካዩበት ነጎድጓዱን እስከሚሰሙበት ድረስ ይቁጠሩ፤ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስለሆነ መጠለያ ይፈልጉ። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም፤ ብቸኛ ዛፍ ሥር መቆም ደግሞ የባሰ ነው። ጣሪያው ብረት የሆነ የተዘጋ መኪና ወይም ሕንፃ ውስጥ ይግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይውጡ።

ድንኳን ውስጥ ማደር ለልጅ ይከብዳል?

ከሚወራው ይቀላል፣ ቦታው በደንብ ከተመረጠ። የቤተሰብ ክልል ካለ እዚያ ይትከሉ። ከመተላለፊያ መንገድ፣ ከመጸዳጃ ቤትና ከጄኔሬተር ራቅ ይበሉ። በተቻለ መጠን ቀን በብርሃን ይድረሱ፤ የደከመ ልጅ ይዞ በጨለማ ድንኳን መትከል የሁሉንም ስሜት ያበላሻል። የድንኳኑን ገመዶች ነጭ ጨርቅ ያስሩባቸው፤ ሲሮጥ የሚደናቀፈው ልጅዎ ብቻ አይደለም። በድንኳኑ አናት ላይ ደግሞ ልጁ የመረጠውን ደማቅ ምልክት ይስቀሉ፤ ሌሊት ሁሉም ድንኳን አንድ ይመስላል።

ቀን የጋለ ሜዳ ሌሊት ይበርዳል። ብርዱ የሚመጣው ደግሞ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከመሬት ነው፤ ስለዚህ ከብርድ ልብሱ በፊት ከሥር የሚነጠፈውን ያስቡ። ሕፃን ልጅን በአዋቂ የመኝታ ከረጢት ውስጥ አያስተኙት፤ ፊቱ ላይ ወጥቶ ሊያፍነው ይችላል። በልኩ የተሠራ ልብስ ደራርበው ያልብሱት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ምድጃ፣ ከሰል ወይም ማንኛውንም እሳት ብርዱ ቢበረታም፣ የጠፋ ቢመስልም ወደ ድንኳን አያስገቡ። ከእሳቱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

ስለ እንቅልፍ፦ ቤት ውስጥ የሚያደርጉትን ቅደም ተከተል እዚያም ያድርጉት። ፊት መታጠብ፣ የማታ ልብስ፣ አንድ ተረት። ሜዳው ቢያጓራም ይህች ቅደም ተከተል ለልጁ «መሽቷል» ትለዋለች።

መጸዳጃ ቤቱን እንዴት እንወጣዋለን?

ለትንሽ ልጅ ፖፖ ይያዙ፤ ሌሊት ጭቃ ረግጦ ከመሄድ ያድናል። ጠዋት ሰልፉ ሳይረዝም በፊት ይሂዱ። የራስዎ ሶፍት ኪስዎ ውስጥ ይኑር። ከመብላት በፊት እጅን በሳሙናና በውኃ መታጠብ ግዴታ ነው፤ የአልኮል ጄል ብዙ ጀርም ይገድላል፣ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣውን ኖሮቫይረስን ግን በደንብ አይችለውም።

ምግብስ?

የለመደውን፣ ማቀዝቀዣ ባይኖርም የማይበላሸውን ምግብ ይያዙለት። አዲስ ምግብ የሚሞከርበት ቦታ አይደለም፤ ልጅዎ አለርጂ ካለበት ደግሞ መድኃኒቱ ድንኳን ውስጥ ሳይሆን አጠገብዎ ይኑር።

የሕፃን ጋሪ ይዤ ልሂድ?

ትንንሽ ጎማ ያለው ጋሪ ጭቃና ረጅም ሣር ላይ አይንቀሳቀስም። ሰፊ ጎማ ያለው የሚጎተት ጋሪ ካገኙ ዕቃም ልጅም ይሸከማል፣ ከሰዓት በኋላ አልጋ ይሆናል። ሰው በሚበዛበት ግን በጀርባ ወይም በደረት መሸከም ይሻላል።

ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ጉዳት አለው?

ለአብዛኛው ልጅ የለውም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች 3 የሚሆኑት ለብልጭታ የሚነሣባቸው ዓይነት አላቸው፤ ይህም በልጆችና በታዳጊዎች ላይ ይበዛል። በሰከንድ ከ3 እስከ 30 ጊዜ የሚበራና የሚጠፋ መብራት ነው በዋናነት የሚቀሰቅሰው። ልጅዎ እንዲህ ያለ ችግር ካለበት አስቀድመው ሐኪሙን ያማክሩ፤ አዘጋጆቹንም በየትኛው ዝግጅት ላይ እንዲህ ያለ መብራት እንዳለ ይጠይቁ። ድንገት ቢጀመር ዓይን መጨፈን አይበቃም፣ ብርሃኑ በዓይን ቆቡ ያልፋልና። አንዱን ዓይን በመዳፍ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ ፊትን ማዞር ነው የሚመከረው።

ጩኸትና ግርግር የሚረብሸው ልጅ አለኝ። ይቅርብን?

የግድ አይደለም። አንዳንድ ፌስቲቫሎች ጸጥ ያለ የማረፊያ ድንኳን አላቸው፤ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። ለልጁ ከመሄዳችሁ በፊት የሜዳውን ፎቶግራፍ ያሳዩት፣ ምን ከምን በኋላ እንደሚመጣ ይንገሩት። «በቃኝ» የሚልበት ምልክት ይስማሙ፤ ምልክቱን ሲያሳይ ደግሞ ሳይከራከሩት ይውጡ። አንዴ «ቆይ ትንሽ» ካሉት ምልክቱ ዋጋ ያጣል።

የምወደውን ዘፋኝ ማየት እችላለሁ ወይስ ቀኑ የልጁ ነው?

በቀን አንድ የሚፈልጉትን ይምረጡ። አራት ከመረጡ ልጁን ከመድረክ መድረክ ሲጎትቱ ይመሻል። ሁለት አዋቂ ከሆናችሁ ተራ ግቡ፤ አንዱ ልጁን ይዞ ሣር ላይ ሲቀመጥ ሌላው ሄዶ ሙሉውን ይስማ። የቀረው ሰዓት ልጁ የሚወስነው ይሁን። እመኑኝ፣ ልጅ ዋናውን መድረክ ትቶ አንዲት ሴት በትንሽ ድንኳን ጥግ ከረጅም እንጨት ላይ የሳሙና አረፋ ስታበር ለአንድ ሰዓት ያያል። እዚያ መቆም ጊዜ ማባከን አይደለም።

አልኮል የሚጠጣ ካለ በማንኛውም ሰዓት አንድ አዋቂ ፈጽሞ ሳይጠጣ ይቆይ። ማን እንደሆነ ጠዋት ይነገር፤ ማታ ሲሆን መነጋገር ይቸግራል።

ወደ ቤት ከተመለስን በኋላ ምን ልከታተል?

በማግስቱ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ «ጆሮህ ውስጥ የሚጮኽ ነገር ይሰማሃል?» ብለው ይጠይቁት። ትንሽ ልጅ ጩኸቱን ለመግለጽ ቃል ስለሌለው «እንደ ንብ? እንደ ፉጨት?» እያሉ ያግዙት። ሲጠሩት ካልሰማ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከወትሮው ከፍ ካደረገ ወይም ጩኸቱ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ወደ ጆሮ ሐኪም ይውሰዱት።

ከዚያ በተረፈ ለአንድ ሁለት ቀን እንቅልፍ ይበዛበታል፣ ይነጫነጫል። የሰኞን ፕሮግራም ባዶ ያድርጉለት። ቦቲ ጫማውን ከማጠብዎ በፊትም ይጠይቁት፤ የኔዋ ደረቁን ጭቃ ሳምንት ሙሉ አላስነካም ብላ ከአልጋዋ ሥር አስቀምጣው ነበር።